ልጄን ማስረሻ ልበለው?

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር ነው። ከእኔ በፊት የተወለደው ወንድሜ በሕፃንነቱ ስለሞተ እናቴ እኔን ካሳ አለችኝ። ክፉ አስባ አይደለም፤ ግን እስከ ዛሬ በሰው ቦታ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ትምህርቴን የጨረስኩ ቀን እንኳ «እሱም ቢኖር ይኼኔ...» ብላ አለቀሰች።

ባለፈው ወር ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዤ ስሜ ከነአባቴ ሲጠራ ሁለት ሰው ተነሣን። ሌላው ካሳ ከዘጌ በጀልባ የመጡ አዛውንት ናቸው። ካርዳችን ተቀላቅሎ ኖሮ እስኪለይ ድረስ አብረን ተቀመጥን። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቡናና በጌሾ የኖሩ ሰው ናቸው። ካሳ የተባሉት አባታቸው በሰው እጅ ሲሞቱ እሳቸው በማኅፀን ስለነበሩ ነው። «ስሙ ከብዶዎት ያውቃል?» ብላቸው «ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ እንጂ ምን ይከብደኛል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

አሁን ባለቤቴ ወንድ ልጅ ተገላግላለች። አባቴ ካረፈ ገና ሁለት ወሩ ነውና እናቴ «ማስረሻ በለው» ትላለች። እምቢ ብላት ሐዘኗ ይበረታል፤ እሺ ብላት ልጄ እንደ እኔ ሊሆን ነው። ምን ላድርግ?

ካሳ ነኝ


ወንድሜ ካሳ፣

ባለቤትህን እንኳን ማርያም ማረቻት። የአባትህንም ነፍስ ይማር።

እናትህ ላይ አልፈርድም። ሞት የጎበኘው ቤት ልጁን ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ ይላል። ስሙ የሚናገረው የዚያን ቀን በወላጅ ልብ ውስጥ የነበረውን ነው። ስለ ልጁ ምንም አይናገርም፤ ገና አላወቁትማ።

ታሪካችን ውስጥም ሁለት ካሳዎች አሉ። ከጣና ምዕራብ ከቋራ የተነሡት ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ነግሠው ቴዎድሮስ ተባሉ፤ የተምቤኑ ካሳ ምርጫ በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዮሐንስ ተባሉ። አንዱ በ1860 መቅደላ ላይ በገዛ እጃቸው፣ ሌላው በ1881 መተማ ላይ ከጦር ሜዳ ቆስለው ዐረፉ። በአንድ ስም ተጠርተው አድገው አንዱ የሌላውን ሕይወት አልኖሩም።

ወደ ልጅህ ልመለስ። መዝገብ ላይ ከልጁ ስም ቀጥሎ ያንተ፣ ካንተ ቀጥሎ የአባትህ ስም ነው የሚጻፈው። ትምህርት ቤት ሲገባ፣ መታወቂያ ሲያወጣ፣ አባትህ እዚያው አሉ። ይህን ወረቀት ላይ ጽፈህ ለእናትህ አንብብላት። የፈራችው ባሏ ከቤቱ እንዳይጠፋባት ከሆነ ስማቸው ቀድሞ ቦታውን ይዟል።

መጠሪያውን አንተና ባለቤትህ አውጡ። ባለቤትህ ምን እንደምትል በደብዳቤህ አንድም ቦታ አልነገርከኝም፤ ዘጠኝ ወር የተሸከመችው እሷ ናትና ጠይቃት። አያቱ ቤት ውስጥ ማስረሻዬ ብትለው ግን አትከልክላት። በአርባ ቀኑ የክርስትና ስምም ይጨመርለታል፤ በአገራችን ሁለት ሦስት ስም ይዞ ማደግ ብርቅ አይደለም።

አንድ ነገር ላይ ብቻ ጠንከር በል። «አያትህን ልታስረሳን ነው የመጣኸው» ብሎ ማንም እንዳይነግረው። አንተን የጎዳህ ካሳ መባልህ አይመስለኝም፤ «እሱም ቢኖር» የሚለው ቃል ነው። የዘጌው ካሳ ይህን ሳይሰሙ ያደጉ ይመስለኛል።

ለክርስትናው እሳቸውንም ጥራቸው። እናትህ አጠገብ አስቀምጣቸው።