ባክሃንድህን የያዘው ግራ እጅህ ነው

«ጋሼ፣ አያት አካባቢ በግቢያችን የሲሚንቶ ሜዳ ላይ ከጎረቤቴ ጋር ቴኒስ እጫወታለሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ፎርሃንዴ (በቀኝ ጎኔ የምመታው) ደህና ነው። በግራ ጎኔ በኩል በአንድ እጅ የምመታው ባክሃንድ ግን አስቸገረኝ። ጎረቤቴ ቶፕስፒን (ወደፊት እየተሽከረከረ የሚመጣ ኳስ) ሲልክብኝ ኳሱ ትከሻዬ ድረስ ይነጥራል። ወይ ከሜዳ አወጣዋለሁ፣ ወይ በራኬቱ ጠርዝ እመታዋለሁ። ሰሞኑን ደግሞ ክርኔን ያመኛል። ወደ ሁለት እጅ ልቀይር?» ይላል ደብዳቤው። ጠያቂው 34 ዓመቱ ነው፣ ቀኝ እጁን ይጠቀማል፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 ነው። አጭር ቪዲዮም ልኮልኛል።

ወንድሜ፣ አትቀይር። ቪዲዮህን ደጋግሜ አየሁት። ኳሱ ሲመጣ ግራ እጅህ ራኬቱን ቶሎ ይለቅና ጎንህ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ቀኝ ክንድህ ብቻውን ይሸከመዋል። ክርንህም የታመመው በዚሁ ይመስለኛል።

ከክርኑ እንጀምር። ቀላል የፕላስቲክ ወንበር ፈልግ። ክንድህን ዘርግተህ፣ መዳፍህን ወደ መሬት አድርገህ፣ መደገፊያውን በአንድ እጅ ይዘህ አንሳው። ክርንህ ላይ በውጪ በኩል ያለው አጥንት ጋ ከወጋህ፣ ቴኒስ ተጫዋቾች አዘውትሮ የሚይዛቸው ሕመም ሳይሆን አይቀርም። የእጅ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሱት ጡንቻዎች የተያያዙት እዚያ አጥንት ላይ ነው። ኳሱን ዘግይተህ በታጠፈ ክርን ስትመታው ጫናው እነሱ ላይ ያርፋል። ለሁለት ሳምንት ባክሃንድ አትምታ። ካልተሻለህ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ይየው። በሕመም ላይ እየተጫወቱ ወራት ያቃጠሉ ሰልጣኞች አይቻለሁ፣ አንተ እንዲህ እንድትሆን አልፈልግም። የራኬትህ ገመድ ፖሊስተር ከሆነም አስቀይረው። ደረቅ ገመድ ነው፤ ለታመመ ክርን አይሆንም።

ቀጥሎ ኳሱን እይ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱን ብዙ አይይዘውም። ፈጥኖ ይደርሳል፣ ርቆም ይሄዳል። የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ሕግ ከ1,219 ሜትር በላይ ላለ ቦታ የተለየ ኳስ የሚፈቅደው ለዚህ ነው። መደበኛው ኳስ ከ254 ሳንቲ ሜትር ሲለቀቅ ከ135 እስከ 147 ሳንቲ ሜትር ይነጥራል። የከፍታው ኳስ ግን ከ122 እስከ 135 ነው። እነዚህ ልኮች ባሕር ጠለል ላይ ላለ አየር የወጡ ናቸው። መደበኛውን ኳስ እኛ ጋ ስታመጣው ከዚያም በላይ ይዘላል። አጥሩ ላይ በጠመኔ 254ን እና 147ን አስምርና አዲሱን ኳሳችሁን ልቀቀው። ከ147 ካለፈ፣ ትከሻህ ድረስ የሚመጣብህ በጎረቤትህ ጉልበት ብቻ አይደለም። ስትገዙ ቆርቆሮው ላይ «ሃይ አልቲትዩድ» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ካጣችሁ ውስጡ የአየር ግፊት የሌለበትን ኳስ ግዙ፤ ትንሽ ከበድ ይላል እንጂ ይሠራል።

አሁን ወደ ግራ እጅህ።

በአንድ እጅ ባክሃንድ የግራ እጅ ሥራ ሦስት ነው። የመጀመሪያው አያያዝ መቀየር ነው። የራኬትህ እጀታ ስምንት ፊት አለው። ራኬቱን በጠርዙ አቁመው። ወደ ሰማይ የሚያየው ፊት ላይ የሌባ ጣትህ ሥር አንጓ መቀመጥ አለበት። አንተ በቪዲዮው በፎርሃንድ አያያዝ ነው የምትመታው። እንደዚያ ሲሆን የራኬቱ ፊት ወደ ሰማይ ይከፈታል፣ ኳሱም ከሜዳ ይወጣል። ለውጡን የሚያደርገው ግን ቀኝ እጅ አይደለም። ግራ እጅህ የራኬቱን አንገት ይዞ ያዞረዋል፣ ቀኙ ላላ ብሎ ይቀበላል። ቴሌቪዥን እያየህም ቢሆን በየቀኑ መቶ ጊዜ አዙረው። ሳታይ በእጅህ ማወቅ አለብህ።

ሁለተኛው ትከሻ ማዞር ነው። ግራ እጅህ የራኬቱን አንገት ሳይለቅ ወደ ኋላ ሲስበው፣ ቀኝ ትከሻህ ወደ መረቡ ይዞራል። አገጭህ ትከሻህን ሊነካ ይደርሳል፣ ጀርባህም በከፊል ለተጋጣሚህ ይታያል። ይህ ሁሉ ኳሱ አንተ ሜዳ ላይ ከመንጠሩ በፊት ማለቅ አለበት። አጥብቄ የምነግርህ ይህንን ነው። ሁለት እጅ የሚጠቀም ሰው ትንሽ ቢዘገይ ሁለተኛው እጅ ይደግፈዋል። አንተ ግን ኳሱን ከፊትህ፣ ከቀኝ እግርህ ቀደም ብለህ፣ ክንድህን ዘርግተህ ማግኘት አለብህ። ኳሱ አልፎህ ጎንህ ጋ ከደረሰ አለቀ። እዚህ አገር ኳሱ ፈጥኖ ስለሚመጣ መዞርም ፈጥኖ ነው።

ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። ስትመታ ግራ እጅህ ወደ ኋላ ይሄዳል። ነጠላ ዘርግቶ እንደሚያይ ሰው ሁለቱ እጆችህ በተቃራኒ አቅጣጫ ይለያያሉ። ግራው ወደ ኋላ ሲሄድ ደረትህ ተጎትቶ አይከፈትም፤ በጎንህ እንደቆምክ ትቀራለህ። ደረትህ ሲከፈት ነው ራኬቱ የኳሱን ጎን የሚቦጭረው፣ በጠርዝ የምትመታውም ያኔ ነው። ለቡሄ ጅራፍ አጩኸህ ከሆነ ነገሩ ይገባሃል። ጅራፍ የሚጮኸው እጅ ስለበረታ አይደለም። እጅ ቆም ሲል ጫፉ ይወረወራል። እዚህም ሰውነትህ ቆም ሲል ራኬቱ ያልፋል።

እኔ ቴኒስን ያወቅኩት በልጅነቴ ኳስ እየለቀምኩ ነው። ሜዳው ዳር ቁጭ ብዬ በአንድ እጅ የሚመቱትን ሳይ ዓይኔ ራኬቱ ላይ ብቻ ነበር። ግራ እጃቸው ወዴት እንደሚሄድ ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሰው ማሰልጠን ስጀምር ነው። ያኔ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ።

ትከሻ ላይ የሚመጣው ኳስ ለታላላቆቹም ፈተና ነው። ራፋኤል ናዳል ለዓመታት የሮጀር ፌደረርን ባክሃንድ ያስጨነቀው በዚሁ ኳስ ነው። ፌደረር እ.ኤ.አ. በ2014 ፊቱ 90 ካሬ ኢንች ከሆነ ራኬት 97 ካሬ ኢንች ወደሆነ ሰፋ ያለ ራኬት ተሸጋገረ። በ2017 የአውስትራሊያ ኦፕን ፍጻሜ ደግሞ ኳሱ ከፍ ሳይል፣ ገና ሲነሳ ወደፊት ገብቶ እየመታ አምስት ዙር (ሴት) በፈጀ ጨዋታ ናዳልን አሸነፈ። ስታን ዋውሪንካ ሌላ መንገድ ነው የሚከተለው። ወደ ኋላ ይሸሽና ኳሱ ሲወርድ በሙሉ ክንድ ይመታል። ለዚህ ግን ቦታ ያስፈልጋል። ለመዝናኛ ሜዳ እንኳ ከመጨረሻው መስመር ጀርባ 5.48 ሜትር እንዲኖር ይመከራል። ከቪዲዮው እንዳየሁት ያንተ ሜዳ ላይ ሦስት እርምጃ ሄደህ አጥር ትነካለህ። ስለዚህ ለጊዜው ትከሻ ላይ የመጣውን በስላይስ መልሰው። ራኬቱን ከኳሱ በላይ አዘጋጅ፣ ከላይ ወደ ታችና ወደፊት ግፋው፣ በረጅሙ ወደ ጎረቤትህ ባክሃንድ ላከው። ከወገብ እስከ ደረት ያለውን ደግሞ በቶፕስፒን ምታ። ገና ሲነሳ መምታቱን ከጥቂት ወራት በኋላ እንለማመደዋለን።

ቁመትህ አያሳስብህ። ጀስቲን ኤና የምትባለው ተጫዋች 1 ሜትር ከ67 ናት። በአንድ እጅ ባክሃንድ የፈረንሳዩን ውድድር ሮላን ጋሮስን አራት ጊዜ ወስዳለች፤ በ2003፣ በ2005፣ በ2006 እና በ2007። ያ የሸክላ ሜዳ ኳስን ከፍ አድርጎ የሚያነጥር ነው። እውነት ነው፣ በአንድ እጅ የሚመታ ሰው እያነሰ ነው። በየካቲት 2024 የወንዶች ደረጃ አሰጣጥ በ1973 ከተጀመረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአስሮቹ መሐል አንድም አልነበረም። የስምንት ዓመት ልጅ ቢመጣልኝ በሁለት እጅ ነው የማስጀምረው። አንተ ግን ሁለት ዓመት የለፋህበት ነገር አለህ፣ የጎደለውም ጥቂት ነው።

ክርንህ ሲሻልህ ወዲያው ራሊ (ኳስ መመላለስ) አትጀምር። ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሳ ሜዳ ውረድ። በጎንህ ቁም፣ ጎረቤትህ ከፊትህ ቆሞ ኳስ ይልቀቅልህ፣ አንድ ጊዜ ነጥሮ ሲነሳ ምታው። መትተህ እንደጨረስክ ባለህበት ቁምና «አንድ፣ ሁለት» ብለህ ቁጠር። ራኬቱ ከፊትህ ከፍ ብሎ፣ ግራ እጅህ ከኋላህ ተዘርግቶ፣ ደረትህ ወደ ጎን እያየ መሆን አለበት። በቀን ሠላሳ ኳስ ይበቃል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ቪዲዮ ላክልኝ። በዚህኛው ስልኩን ከኋላህ ነው ያስቀመጥከው፤ በሚቀጥለው በቀኝህ በኩል፣ በወገብህ ከፍታ አድርገው። አሥር ኳስ ይበቃኛል። የት እንዳረፉ ባይታይም ችግር የለም፣ እጆችህ ብቻ ይታዩ።