የቅዳሜውን ሥራ ያቁሙት፦ ስለ መዋኛ ገንዳ ጥገና ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ «ኦሎምፒያ አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ እንሠራለን። ቤቱን ከያዝነው ሁለት ዓመት አልፏል። ግቢው ውስጥ የቆየ መዋኛ ገንዳ አለ። ፓምፑ፣ የአሸዋ ማጣሪያውና የብረት ቱቦዎቹ አርጅተው ስለነበር፣ አንድ ባለሙያ ፓምፑን ቀይሮ ቱቦውን በሙሉ በፕላስቲክ እንዲተካ በ680 ሺህ ብር በቃል ተስማማን። 600 ሺውን በባንክ ከፍለናል። ሥራው ካለቀ ሰባት ወር ሆኖታል። ገንዳው ግን ውኃ ያጎድላል፤ ፓምፑ ይጮኻል፣ አየርም ይተፋል። ስንደውልለት ‹እመጣለሁ› ይላል፣ አይመጣም። ሌላ ባለሙያ አይቶት፣ ከመሬት በታች ያለው ቱቦ ቀጭን እንደሆነና መገጣጠሚያውም በደንብ እንዳልተጣበቀ ነግሮናል። ቅዳሜ ሥራ ይጀምራል። የመጀመሪያውን ሰው ከስሰን ገንዘባችንን ማስመለስ እንችላለን?»

መልስ፦ መክሰስ ይችላሉ። ነገር ግን እባክዎ የቅዳሜውን ሥራ ያቁሙት። ምክንያቱን ልንገርዎ።

ደብዳቤዎን ሳነብ አንድ ቦታ ላይ ቆምኩ። ሁለተኛው ባለሙያ ከመሬት በታች ያለው ቱቦ ቀጭን ነው፣ መገጣጠሚያውም አልተጣበቀም ብሏል። ኮንክሪትና ሴራሚክ የለበሰ ቱቦ ከላይ ሆኖ አይታይም። ስለዚህ ሰውየው ወይ ገምቶ ነው የተናገረው፣ ወይም የሆነ ቦታ ተሰብሮ ታይቷል። ከተሰበረ ይህን ሊነግሩኝ ይገባ ነበር፤ ምክንያቱም ጉዳይዎ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚያ ላይ ነው። ማን ሰበረው? መቼ? የመጀመሪያው ሠራተኛ ያውቃል? ከመሰበሩ በፊት ፎቶ ተነሥቷል?

በግንባታና በጥገና ክርክር ሰዎች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው። ሥራው ይበላሻል። ባለቤቱ ይናደዳል፤ መናደዱም ተገቢ ነው። ሌላ ሰው ይጠራል። አዲሱ ሰው ያፈርሳል፣ ቆርጦ ይጥላል፣ እንደገና ይገጥማል። ከዚያ ባለቤቱ የከፈለበትን ደረሰኝ ይዞ ጠበቃ ዘንድ ይመጣል። በዚያን ሰዓት የተበላሸው ሥራ የለም። አሮጌውን ቱቦ ቆራሌው ወስዶታል። የመጀመሪያው ሠራተኛ ፍርድ ቤት ቀርቦ «እኔ በደንብ ሠርቼ አስረክቤ ነበር፣ ያበላሸው ከእኔ በኋላ የገባው ነው» ይላል። ይህን የሚያፈርስ ምን በእጅዎ ይቀራል? የሁለተኛው ባለሙያ ምስክርነት ብቻ። እሱ ደግሞ ከጥገናው ገንዘብ የሚያገኝ ሰው ነው፤ ተከራካሪው ወገን በመጀመሪያ የሚያነሣው ይህንኑ ነው።

የገንዳ ነገር ደግሞ ለዚህ ዓይነት ክርክር በጣም የተመቸ ነው። አንድ ምልክት ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ፓምፕ አየር የሚስበው ብዙ ጊዜ ከፓምፑ በፊት ባለው የመሳቢያ መስመር፣ ማለትም ውኃውን ከገንዳው ወደ ፓምፑ በሚያመጣው ቱቦ ነው። ያ ግን ያልተጣበቀ መገጣጠሚያ ሊሆን ይችላል፤ የፓምፑ ክዳን ጎማ ማርጀት ሊሆን ይችላል፤ የገንዳው ውኃ ከመሳቢያው አፍ በታች መውረዱም ሊሆን ይችላል። ጩኸቱም ቱቦው ለፓምፑ ጉልበት ከመጥበቡ ሊመጣ ይችላል፣ ከሌላም ሊመጣ ይችላል። ከሳሽ እርስዎ ስለሆኑ ማስረዳት ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ጠያቂው የሚጠይቀውን ግዴታ መኖሩን ያስረዳል የሚለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2001 ነው። ውሉ የቃል በመሆኑ ሸክሙ ይከብድብዎታል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። በመጀመሪያ ባለው ሁኔታ ይቅረጹ። ቪዲዮ ሲያነሡ ቀኑን ይናገሩ፤ ፓምፑ ሲጮኽና የግፊት መለኪያው የሚያሳየው ቁጥር ይግባ። የተከፈተ ቱቦ ካለ ሜትር አስጠግተው ስፋቱን ያንሱ፤ ቱቦው ላይ የታተመው ጽሑፍም ይነበብ። ተቆርጦ የወጣ ማንኛውም ነገር፣ አሮጌው ፓምፕ ጭምር፣ ከግቢ አይውጣ።

ውኃው መጉደሉንም ይለኩት። ከገንዳው ውኃ አንድ ባልዲ ሞልተው ገንዳው ደረጃ ላይ ያስቀምጡ። በባልዲውም በገንዳውም ውኃው የደረሰበትን ምልክት ያድርጉ። ከ24 ሰዓት በኋላ ገንዳው ከባልዲው በላይ ከጎደለ፣ ፀሐይ ወሰደው የሚለው መከራከሪያ ቦታ ያጣል። ይህን አንድ ቀን ፓምፑን አጥፍተው፣ አንድ ቀን አብርተው ያድርጉት። ሲበራ ብቻ በብዛት የሚጎድል ከሆነ፣ ጥርጣሬው ከፓምፑ በኋላ ባለው የግፊት መስመር፣ ማለትም ውኃውን ወደ ገንዳው በሚመልሰው ቱቦ ላይ ያርፋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በቦቴ ያስሞሉበት ደረሰኝ ካለም የጉዳትዎ ማስረጃ ነው፤ ያስቀምጡት።

ቀጥሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ። «ደውለንለታል» አይበቃም። በቁጥር 1772 መሠረት ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ለማለት በመርሕ ደረጃ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጉድለቱን ዘርዝሩ፣ ተመጣጣኝ ቀን ቁረጡ፣ «በዚህ ቀን ኮንክሪቱ ስለሚከፈት ተገኝተህ እይ» ብላችሁ ጥሩት። ሲቀበል ያስፈርሙት፤ አልቀበልም ካለም መላኩ የሚረጋገጥበት መንገድ ይኑር። ከመጣ በፊቱ ይከፈታል። ካልመጣ መቅረቱ ራሱ ይናገራል። ከስልኩ ሌላ በቴሌግራም የጻፈልዎት «እመጣለሁ» ካለም አያጥፉ፤ ስልኩንም አይቀይሩ። ይህች ቃል ሥራው ችግር እንዳለበት ማወቁን ልታሳይ ትችላለች።

ከዚያ ከሁለቱም ባለሙያዎች ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌለው ሦስተኛ ሰው መርምሮ በጽሑፍ ሪፖርት ይስጥ። የሚጠግነው ሰው አይመርምር። ክስ ከተከፈተ በኋላም ፍርድ ቤት ባለሙያ እንዲያጣራ ሊያዝ ይችላል፤ ግን ለማጣራት የሚጣራው ነገር በቦታው መኖር አለበት። ማስጠንቀቂያውን ከመላክዎ በፊት ረቂቁን ለጠበቃ ያሳዩ። በችኮላ የተጻፈች አንዲት መስመር፣ ለምሳሌ «ሥራውን ተረክበናል ግን...» የምትል፣ በኋላ መልሳ ልትወጋዎት ትችላለች።

ሁለተኛው ያልነገሩኝ ነገር «ቤቱን ከያዝነው» የሚለው ቃል ውስጥ አለ። ቤቱን ተከራይተው እንደሆነ እገምታለሁ። ከሆነ፣ ባለቤቱ ይህን ሁሉ ሥራ ያውቃል? በጽሑፍ ፈቅዷል? በኪራይ ሕጋችን ከእርጅና ብቻ የመጣ ብልሽት በመርሕ የተከራይ ሸክም አይደለም፤ ውሉ ግን ሌላ ሊል ይችላል። እርስዎ ሳያስፈቅዱ 680 ሺህ ብር መሬት ውስጥ ከቀበሩ፣ ነገ ሲለቁ ወጪውን ከአከራይ መጠየቅ ከባድ ነው። የተሰበረ ኮንክሪት ካለም በእርስዎ ላይ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል። መሀል ከተማ ላይ ስንት ቦታ በኮሪደርና በመልሶ ማልማት እየተነሣ እንደሆነ ያያሉ፤ ተጨማሪ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የቦታው ዕጣ ምን እንደሆነ ባለቤቱንና ክፍለ ከተማውን ይጠይቁ። የኪራይ ውሉን አውጥተው የጥገናውን አንቀጽ ዛሬውኑ ያንብቡ።

የቀረውን ሕግ ባጭሩ ልበል። የጥገና ውል በጽሑፍ አልተደረገም ተብሎ ብቻ አይፈርስም። የባንክ ዝውውሩ፣ መልእክቶቹና ሥራውን ያዩ ሰዎች ያስረዱልዎታል። በውል ላይ የተመሠረተ ክስ በመርሕ የ10 ዓመት ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜ ገደብ አለው፤ ቁጥር 1845 ነው። ቁጥር 3039 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ የሠራ ተቋራጭ ለሥራው ለ10 ዓመት ዋስ ነው ይላል። የእርስዎ የቱቦ ሥራ በዚህ ይሸፈናል ወይ የሚለው ክርክር አለበት፤ ጠበቃዎ ይመርምረው። ፓምፑን ያቀረበው ሰውየው ራሱ ከሆነ ግን ያ ክፍል ሽያጭ ነው ሊባል ይችላል። በሽያጭ ጉድለት ጊዜው አጭር ነው፦ እንደታወቀ ለሻጩ መንገር፣ ከነገሩትም በአንድ ዓመት ውስጥ መክሰስ። ሰባት ወር አልፏል። ጉድለቱን መጀመሪያ የነገሩት መቼ ነው? ቀኑን ከመልእክቶቹ ፈልገው ያግኙት።

600 ሺው በሙሉ ይመለሳል ብለው አይጠብቁ። ፓምፑ ጥሩ ከሆነና ከቱቦውም የሚጠቅም ክፍል ካለ ይታሰብበታል። በተግባር የበለጠ የሚያስኬደው ጉድለቱን ለማስተካከል የሚያስፈልገውን ወጪና በማስረጃ የተደገፈ ጉዳት መጠየቅ ነው። የቀረውን 80 ሺህ አሁን አይክፈሉ፤ ለምን እንደያዙት ግን በማስጠንቀቂያው ላይ ይጻፉ።

ይህ ሁሉ እስኪጣራ እንግዶች ገንዳው ውስጥ አይግቡ። ፓምፑን የገጠመው ሰው ቱቦውን እንዲህ ከሠራው የኤሌክትሪክ መስመሩንና የመሬት ሽቦውንም ማመን አይቻልም። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይየው። የገንዳው የታችኛው መሳቢያ ክዳን በትክክል መታሰሩንም ያረጋግጡ፤ ፀጉርና እጅ የሚስብ ቦታ ነው። አንድ እንግዳ ቢጎዳ ተጠያቂ የሚሆኑት በመጀመሪያ እርስዎ ነዎት። የሚጎድለው ውኃ ወደ ጎረቤት ግድግዳ እየሄደ ከሆነም አሁኑኑ ይዩት፤ ጎረቤትዎ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ካሣ ሊጠይቅ ይችላል።

ማስረጃው ተሰብስቦ፣ ማስጠንቀቂያውም ጊዜው አልፎ ሁለተኛውን ባለሙያ የሚያስገቡ ከሆነ በዚህኛው ዙር ውሉ ይጻፍ። የቱቦው ዓይነትና ስፋት፣ የፓምፑ ሞዴል፣ የማስረከቢያው ቀን፣ ክፍያው በየደረጃው እንደሚሆን ይግባበት። ደረሰኝ የማይሰጥ ሰው አያስገቡ። አንድ አንቀጽ ግን እንዳይቀር፦ ቱቦው አፉ ተዘግቶ፣ በውኃ ተሞልቶ፣ ግፊት ተሰጥቶት መለኪያው ሳይወርድ እርስዎ ፊት ካልታየ ኮንክሪት አይፈስበትም፤ የዚያ ደረጃ ክፍያም አይለቀቅም።