ሥጋ፣ ሽሮና አጥንታችን፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰሞኑን ከጅማ የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አጥንት ናቸው። አራቱን እነሆ።

«ሥጋ ካልሲየምን ከአጥንት ይመጥጣል ይባላል። ልተወው?» (ከመንደራ)

በዚህ ምክንያትስ አትተወው። ወሬው የተነሳው ፕሮቲን የበዛለት ሰው ሽንት ውስጥ ካልሲየም ጨምሮ ስለታየ ነው፤ በኋላ በደንብ ሲመረመር ግን ጭማሪው በአብዛኛው አንጀት ከምግቡ ካልሲየም አብዝቶ ስለሚወስድ እንጂ አጥንት ተሸርሽሮ አለመሆኑ ታወቀ። አጥንት ራሱ እኮ ሲሶ ያህሉ ኮላጅን የሚበዛበት ፕሮቲን ነው።

«55ቱን ቀን እጾማለሁ። ሽሮና ምስር ይበቁኛል?» (ከኮቺ)

ፕሮቲኑን ከጥራጥሬ ታገኚዋለሽ። እኔን የሚያሳስበኝ ካልሲየሙ ነው፣ ወተቱ ቀርቷላ! በ2020 የወጣ ትልቅ የእንግሊዝ ጥናት፣ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ጨርሶ የማይበሉ ሰዎች ላይ የዳሌ ስብራት ሥጋ ከሚበሉት ከ2 እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝቷል። እነሱ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው የሚተዉት፤ ክብደታቸውም፣ ካልሲየማቸውም፣ ፕሮቲናቸውም ዝቅ ያለ ነበር። ስለዚህ አትደንግጪ፣ ጎመን ግን ከገበታሽ አይጥፋ። ጤፍም በካልሲየም ከስንዴና ከበቆሎ ይሻላል። ባቄላና ሽምብራ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ካልሲየምን ጠፍሮ የሚይዝ ነገር አለ፤ ማታ ዘፍዝፈሽ ጠዋት ያን አረፋ ያዘለ ውሃ ድፊው። ነጭ ጭራ እስኪያወጣ ካበቀልሽው ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። የእንጀራ ሊጥም በደንብ ሲቦካ እንደዚያው ነው።

«የአጥንት መረቅ አጥንት ይጠግናል?»

ይጣፍጣል፣ ያሞቃል። ካልሲየሙ ግን በጣም ትንሽ ነው። ያንን ከወተት፣ ከእርጎና ከአይብ ፈልጉ።

«እናቴ 70 ዓመቷ ነው። አምና ወድቃ እጇ ተሰበረ። ምሳዋ ብዙ ጊዜ ዳቦ በቡና ነው፣ ሥጋ ማኘክም አቅቷታል።»

ይሄ ነው ልቤን የነካው፤ ብዙ ቤት አለና። ዕድሜ ሲገፋ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፣ የፕሮቲን ፍላጎት ግን ይጨምራል፦ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም። 50 ኪሎ ከሆኑ ከ50 እስከ 60 ግራም መሆኑ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል አለው። ዳቦ በቡና የትም አያደርስም! ጡንቻም ሲሟሽሽ መውደቅ ይመጣል። የኩላሊት ሕመም ካለባቸው ግን መጀመሪያ ሐኪማቸውን ጠይቅ። የጅማ ክረምት ደመናው ረጅም ነው፣ ፀሐይ ብቅ ስትል በረንዳ ላይ አውጣቸው፤ ቫይታሚን ዲ ያገኛሉ። ቡናውን አትከልክላቸው። ነገ ሲፈላ ግን ከዳቦው አጠገብ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ልጠህ አስቀምጥላቸው።