ድኝ ይቀልጣል ወይስ ይሟሟል?

ጥያቄ፦ ለተማሪዎቼ የኬሚስትሪ ማስታወሻ በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። «በኦክስጅን ምድብ ወደ ታች ሲወርዱ የንጥረ ነገሮቹ መጠን ይጨምራል፤ የሚሟሙበት ሙቀትም ከፍ ይላል» ብዬ ብጽፍ ባልደረባዬ «የሚቀልጡበት በይ» አለኝ። በእኛ አካባቢ ቅቤውም በረዶውም «ሟሟ» ነው የሚባለው። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው። በቤት ውስጥ ንግግር በረዶው «ሟሟ» ቢባል የሚቃወም የለም፤ ስለ ንጥረ ነገሮች ጠባይ ሲጻፍ ግን ሁለቱ ግሦች ሁለት የተለያዩ ክንውኖችን ስለሚያመለክቱ ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል። «ቀለጠ» ጠጣሩ ነገር በሙቀት ብቻ ፈሳሽ መሆኑን ሲናገር፣ «ሟሟ» ግን እንደ ውሃ ያለ አሟሚ ይፈልጋል። በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ውስጥ በኦክስጅን ምድብ ከኦክስጅን ሥር ያለው ድኝ በእሳት ላይ ቢጣድ 115 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ቀልጦ ቢጫ ፈሳሽ ይሆናል፤ 160 ዲግሪ አካባቢ ሲያልፍ ደግሞ ስምንት ስምንት አቶም የያዙት ቀለበቶቹ ተከፍተው እርስ በርስ ስለሚያያዙ ቀልቶ ይወፍራል። ይኸው ድኝ ውሃ ውስጥ ቢጨመር አይሟሟም፤ ካርቦን ዳይሰልፋይድ በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ግን ምንም ሳይሞቅ ይሟሟል። ልዩነቱ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በኦክስጅን ነው፦ የሚቀልጠው ከዜሮ በታች በ219 ዲግሪ ሲሆን፣ ዓሣ የሚተነፍሰው ግን ውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው። «ኦክስጅን የሚሟሟበት ሙቀት» ብለን ብንጽፍ ተማሪው የትኛውን ይያዝ?

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ልጨምር፤ በዓረፍተ ነገሩ ከዚህ ይልቅ ያሳሰበኝ «መጠን» ነው። ይህ ቃል ልክን እንጂ የምን ልክ እንደሆነ አይናገርም፤ «መጠነ ቁስ» እና «መጠነ ሙቀት» የምንለውም ስለዚህ ነው። ከላይ ወደ ታች መጠነ ቁሱም፣ የኤሌክትሮኖቹም ቁጥር፣ የአቶሙም ስፋት ስለሚጨምሩ አንባቢው የፈለገውን ሊመርጥ ይችላል። የአቶሙን ስፋት ማለትዎ ከሆነ «ሬዲየስ» (ከአቶሙ መሃል እስከ ዳሩ ያለው ርቀት) ይበሉ፤ የኦክስጅን ሬዲየስ 66 ፒኮሜትር ያህል ሲሆን የቴሉሪየም 138 ያህል ነው፤ ምክንያቱም በውጭኛው እርከን ሁለቱም ስድስት ስድስት ኤሌክትሮን ቢኖራቸውም ኦክስጅን ያለው ሁለት የኢነርጂ እርከን፣ ቴሉሪየም ያለው ደግሞ አምስት ነው። «ሙቀት» ያሉትም «መጠነ ሙቀት» ቢባል ይጠራል።

«ሲወርዱ» የሚለውም ወራጁ ማን እንደሆነ አያስታውቅም፤ ንጥረ ነገሮቹ ከቦታቸው አይንቀሳቀሱም፣ በዓይናችን የምንወርደው እኛ ነን። «ከፍ ይላል» የሚለው ደግሞ ወሰን ያስፈልገዋል፤ ሴሊኒየም በ221፣ ቴሉሪየም በ450 ዲግሪ ገደማ ሲቀልጡ፣ ከነሱ በታች ያለው ፖሎኒየም በ254 ገደማ ይቀልጣል።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «በኦክስጅን ምድብ ከላይ ወደ ታች ስንወርድ የአቶሞቹ ሬዲየስ ይጨምራል፤ ንጥረ ነገሮቹ የሚቀልጡበት መጠነ ሙቀትም እስከ ቴሉሪየም ከፍ እያለ ሄዶ ፖሎኒየም ላይ ዝቅ ይላል።»