«እማዬ» ያላለችኝ ልጅና የእናቷ ሙት ዓመት

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ሁለት ልጆቼን ይዤ ሐዋሳ እኖር ነበር። ዘንድሮ ሚስቱ የሞተችበትን ሰው በቁርባን አግብቼ ወደ ደብረ ብርሃን መጥቻለሁ። እርሱም ሁለት ልጆች አሉት። ትልቋ 13 ዓመቷ ነው፤ «እትዬ» ትለኛለች እንጂ አንድም ቀን «እማዬ» ብላኝ አታውቅም። የእናቷ ፎቶግራፍ ሳሎን ተሰቅሏል። አሁን ደግሞ ሦስተኛው ሙት ዓመት ደርሷል፤ ልጅቷ እዚሁ ቤት ይዘከር ትላለች፣ አያቷም ከመንዝ ይመጣሉ። ጎረቤቶቼ «በቁርባን በተጋባችሁበት ቤት የቀድሞዋ አትዘከርም፤ ፎቶውንም አውርጂው» ይሉኛል። ከባለቤቴ ጋር አንድ ሥጋ ከሆንን ልጆቹስ ልጆቼ አይደሉምን?

መልስ፦ እኅቴ፣ ፎቶግራፉን አታውርጂው። ሙት ዓመቱም እዚያው ቤት ይዘከር፤ ዳቦውን የምትጋግሪው አንቺ ብትሆኚ ደግሞ እወዳለሁ። ጎረቤቶችሽ የነገሩሽን የሚያዝዝ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የለም። ባል ቢሞት ሚስት ከባሏ ሕግ የተፈታች መሆኗን ሐዋርያው ጽፎልናል (ሮሜ 7፥2)፤ አንቺም እርሱም ነፃ ሆናችሁ ተጋብታችኋል። ስለዚህ ሟቿ ጣውንትሽ አይደለችም። ሞት ጋብቻን ይፈታል፤ እናትነትን ግን አይፈታም። ለልጆቿ ዛሬም እናት ናት።

«አንድ ሥጋ ከሆንን ልጆቹስ» ያልሽው ግን ከብዙ ሰው የሰማሁት ነው። ከወንዶችም ሰምቼዋለሁ፤ እንዲያውም እነርሱ ይብሳሉ፣ በሠርጉ ማግሥት «አባዬ በሉኝ» ብለው ያዝዛሉ። መጽሐፍ «ሁለቱም አንድ ሥጋ ይሆናሉ» ይላል (ዘፍ. 2፥24)፤ ስድስታችሁም አይልም። ቃል የገባችሁትና ሥጋ ወደሙን ተቀብላችሁ የተጣመራችሁት አንቺና እርሱ ናችሁ። ልጅቷን ግን ማንም አልጠየቃትም። እናቷን ቀበረች፤ ከዚያ አንዲት የማታውቃት ሴት በእናቷ ጓዳ ገብታ ወጥ ትሠራ ጀመር። «እትዬ» ብላ ማክበሯን አመስግኚ። ምሥጢረ ተክሊልም ሆነ ቁርባን የልጅን ልብ በአንድ ቅዳሴ አያዞርም፤ እንዲያዞር የሚጠብቅ ሰው ጸጋውን ከአስማት ጋር አደባልቋል።

ሩትን የሚጠቅሱልኝም አሉ። ልጅቷ እንደ ሩት «ሕዝብሽ ሕዝቤ፥ አምላክሽም አምላኬ» ማለት ነበረባት ይላሉ። ይህን ያለችው ማን ናት? ሩት ራሷ ናት፣ ያውም አድጋ አግብታ፣ ባሏንም ቀብራ። አማቷ ኑኃሚን አንዲት ቃል አላስገደደቻትም፤ «ልጆቼ ሆይ፥ ተመለሱ» እያለች ልትሸኛት ነበር የፈለገችው (ሩት 1፥11-16)። አንቺ የኑኃሚንን ቦታ ያዢ እንጂ የሩትን ቃል ከልጅቷ አፍ አውጥተሽ አትውሰጂ።

ይልቅ ሐምሌ 18 ቀን የምናከብረውን ቅዱስ ያዕቆብን አስቢ። አባቶች እንዳስተማሩን ያዕቆብ የአረጋዊው ዮሴፍ ልጅ ነው፤ እመቤታችን ወደ ዮሴፍ ቤት ስትሄድ እናቱ የሞተችበት ሕፃን ሆኖ አገኘችው፤ አሳደገችውም። ከጌታችን ጋር አብሮ በማደጉ «የጌታ ወንድም» ተባለ፤ ኋላም የኢየሩሳሌም ኤጲስ ቆጶስ ሆነ፤ በሰማዕትነትም ዐረፈ። እመቤታችን አምላክን ለመውለድ የተመረጠች ስትሆን በሰው ቤት ያገኘችውን የሰው ልጅ አልናቀችም። «የእኔ ልጅ ማን እንደሆነ ታውቃለህን?» አላለችውም። መገበችው፣ አለበሰችው። በየዕለቱ የምትለምኛትን እናት በዚህም ምሰያት።

የራስሽን ልጆች ደግሞ እንዳትረሻቸው። ሰው እንዳያማት ብላ፣ ክፉ የእንጀራ እናት እንዳትባል ፈርታ፣ የአብራኳን ክፋይ የምትቀጣ፣ ሥጋውን ለሌሎቹ አውጥታ አጥንቱን ለራሷ ልጆች የምታቀርብ እናት አውቃለሁ። ጎረቤት «ጻድቅ ናት» ይላታል፤ ልጆቿ ግን ማታ ተሸፋፍነው ያለቅሳሉ። ይህ ውዳሴ ከንቱ ነው። ልጆችሽ አባታቸውን አጥተዋል፤ አሁን ደግሞ ሐይቁንና ጓደኞቻቸውን ትተው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ወዳለ አገር መጥተዋል። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ውርጭ የለመደ ሰው እንኳ ያማርረዋል። በሳምንት አንድ ቀን ለብቻቸው ያዣቸው፤ ስለ አባታቸውም ይናገሩ።

የሚቀጥለውን ለባለቤትሽ አንብቢለት። ወንድሜ፣ ልጅህን መገሠጽ ያንተ ሥራ ነው፤ አዲስ የመጣችዋን ሚስትህን ከፊት አሰልፈህ አንተ ዳር አትቁም። አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያበሳጩ የታዘዙት (ቈላ. 3፥21) ዝም ብለው የሚያዩትንም ይመለከታል። የሟቿ የአንገት መስቀልና የሐበሻ ቀሚስ ቁምሳጥን ውስጥ ካሉ፣ ለልጅቷ አሁኑኑ ስጣት። የእናትየው ድርሻ የልጆቿ ነው፤ ይህ ግልጽ ካልሆነ ሚስትህ ያላሰበችው ነገር ይወራባታል።

ለሙት ዓመቱ ብላችሁ አትበደሩ። ድንኳን ተክሎ ሰፈሩን ማብላት ለነፍስ አይደለም፤ ለስም ነው። የሟቿንና የቀድሞ ባልሽን የክርስትና ስም በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ለቅዳሴው ስጡ፤ ወረቀቱን ልጅቷ ትጻፈው፤ ልጆችሽም ይዩት። ለነዳያን የሚሆነውን አራቱም ልጆች ተሸክመው ይሂዱ።

ከመንዝ የሚመጡትን አያት በር ላይ ተቀበያቸው፤ ከምሳ በኋላም ጓዳ ይዘሻቸው ግቢና ልጃቸው በዚህ ቤት የማንን ዝክር ታዘክር እንደነበር ጠይቂያቸው። በእናንተ አገር ብዙ ቤት፣ ቡልጋ የተወለዱትን የጻድቁን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ዝክር ወር በገባ በ24 ያደርሳል። ከነበረ፣ አንቺ ቀጥዪው።

የንስሐ አባትን ነገር በጥያቄሽ አላነሣሽውም፤ ግን ሐዋሳ ያሉትን አባት አስፈቅደሽ ከባለቤትሽ ጋር በአንድ አባት ሥር ሁኚ፤ አራቱንም ልጆች ይዛችሁ ቅረቡ። ከሙት ዓመቱ በፊት ቢሆን ይሻላል፤ ጎረቤቶችሽ ጥያቄ ካላቸው እርሳቸውን ይጠይቁ።