አዳራሹ ይቆይ፣ መጀመሪያ አዟሪውን አግኙት

ክረምት ሲቃረብ ስልኬ ይጮሃል። «ጋሼ፣ ልብ ወለዴን ጨረስኩ። ሐምሌ ላይ እመጣለሁ፣ የምረቃ አዳራሽ ፈልግልኝ።» ደዋዩ ከሲያትል ወይም ከፍራንክፈርት ነው። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ አዳራሹ ይደርሳል።

ከራሴ ኪሳራ ተነስቼ ነው የምናገረው። የመጀመሪያ መጽሐፌን ያሳተምኩት የሦስት ሳምንት ፈቃድ ይዤ ከአሜሪካ መጥቼ ነው። ግማሹን ገንዘብ ሆቴል ውስጥ ምረቃ ላይ አፈሰስኩት። ንግግር፣ ክራር፣ ኬክ። ዘመድ አዝማዱ አንዳንድ ቅጂ አስፈርሞ ሄደ። የቀረውን ያለ ውል ለአንድ አከፋፋይ አስረክቤ በረርኩ። ከዓመት በኋላ ስመለስ ካርቶኑ እንኳ አልተፈታም ነበር።

ምረቃ ይቅር አላልኩም። ግን ምረቃ ላይ የሚገዛችሁ የሚያውቃችሁ ሰው ነው። የማያውቃችሁ አንባቢ ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶውን ይዞ ተቀምጧል። እሱ ጋ የሚደርሰው መጽሐፍ አዟሪው ነው።

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አንድ ከሰዓት ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ልጁ መጻሕፍቱን ከክንዱ እስከ አገጩ ቆልሎ ይመጣል። ገዢው የሚያየው ሽፋኑን ሳይሆን ጠርዙን ነው፤ አታሚዎች ስፓይን የሚሉትን። እዚያ ላይ ርእሱ በቀጭን ፊደል ከተጻፈ መጽሐፋችሁ የለም ማለት ነው።

ሁለተኛውን ከማሳተሜ በፊት የሽፋኑን ናሙና ለአንድ አዟሪ አሳየሁት። ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ስለ ምንድነው ሲሉኝ ምን ልበል?» አለኝ። ስለ ስደት፣ ስለ ማንነት፣ ስለ ትዝታ አስረዳሁት። ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ይሄን ስናገር ሰውዬው ሒሳብ ከፍሎ ይሄዳል።» ቢጨንቀኝ «የሞተ አባቷ በየወሩ ኪራይ ሊጠይቅ የሚመጣባት ሴት ናት» አልኩት። «በቃ፣ እሷን ነው የምሸጠው» አለ። ያቺ ዓረፍተ ነገር የጀርባ ሽፋኑ ላይ ገባች። ፌስቡክ ላይም የለጠፍኩት እሷኑ ነው።

ታዲያ አዟሪ በባዶ አይወዳችሁም፤ የሚያተርፍበትን ያስቀድማል። መደብሮች ደግሞ ብዙ ጊዜ «ሲሸጥ እከፍላለሁ» ይሏችኋል። ይሁን፣ ግን የቅጂው ብዛት፣ ቅናሹና የመክፈያው ቀን በወረቀት ይስፈር። ገንዘቡን ወንድሜ ይሰበስብልኛል የምትሉ፣ ለወንድማችሁ ውክልና ሳትሰጡ አውሮፕላን ላይ አትውጡ። ለፒያሳ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር፦ ከ2016 ዓ.ም. ፈረሳ በፊት የነበረውን ካርታ ከጭንቅላታችሁ አውጡት። መደብሮቹን በእግራችሁ ዞራችሁ እንደ አዲስ ፈልጓቸው።

ማተሚያ ቤቱ «3,000 ብታሳትም ነጠላ ዋጋው ይወርዳል» ይላችኋል። ልክ ነው፣ ይወርዳል። የማይሸጠው 2,000 ግን የአክስታችሁን ሳሎን ይሞላዋል። በ1,000 ጀምሩ። ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ማለቴ ነው፣ ሄዳችሁ አይኤስቢኤን (የመጽሐፉን መለያ ቁጥር) ማውጣትን እንዳትረሱ።

ለማስታወቂያ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ድምፅን ሞክሩ። ይህ ሕዝብ ልብ ወለድን በጆሮው ማንበብ የለመደ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርክ ቤት ሙሉ ሰው ጸጥ ይል ነበር። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ጥሩ ተራኪ ያንብብላችሁ፤ ቴሌግራም ላይ ልቀቁት፣ ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ ቁረጡት። ሙሉ ፒዲኤፉን ግን «ለአስተያየት» ብላችሁ ለማንም እንዳትልኩ። የእኔ በማግስቱ የማላውቀው ቻናል ላይ ነበር፣ ያውም ከነፊደል ግድፈቱ።

የሁለተኛው 1,000 ቅጂ ሲያልቅ ያ አዟሪ ስታዲየም አጠገብ አገኘኝ። እንኳን ደስ ያለህ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። «ሦስተኛውን ልትጽፍ ነው አሉ። ስለ ምንድነው?» አለኝ። ማሰብ ስጀምር «ቆይ፣ ደንበኛ ጠራኝ» ብሎ ሄደ።