ኪኒን መዋጤ እምነት ማጣት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ደብረ ማርቆስ የምማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪና የግቢ ጉባኤ አባል ነኝ። ከጥምቀት ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምግብ አስጠልቶኛል፤ ቅዳሴ ቆሜ እንኳ ልቤ ደረቅ ነው። ሐኪም ቤት ሄጄ «የድብርት ሕመም ነው» ብለው መድኃኒት ሰጡኝ። የዶርም ጓደኞቼ «እምነት ያላት ልጅ ለጭንቀት ኪኒን ትውጣለች እንዴ?» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ መንፈስ ነው ብላ፣ መድኃኒቱን ትቼ ግሽ ዓባይ ጠበል እንድገባ ትለምነኛለች። እግዚአብሔርን አላመንኩት ይሆን?

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ስለ ጸሎቱና ስለ ንስሐው አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ። ያንቺን ጥያቄ ግን በብዙ ልጆች አፍ ሰምቼዋለሁ። ከሥሩ ያለው ሐሳብ ሁልጊዜ ያው ነው፦ ሆድ ሲታመም በሽታ ነው፤ አእምሮ ሲታመም ግን ወይ ኃጢአት ነው ወይ መንፈስ።

እስቲ ወባ ይዞሽ ኮአርተም ስትውጪ ቢያዩሽ፣ ከጓደኞችሽ የትኛዋ እምነትሽን ትመረምር ነበር? «በሰዓቱ ዋጥሽ?» ብላ ውኃ ታቀብልሽ ነበር እንጂ።

ቃሉም ሳያታልለን አልቀረም። ግቢ ውስጥ መብራት ሲጠፋ «ደበረኝ» ነው፤ ሌክቸሩ ሲረዝም «ደባሪ» ነው። «ድብርት ይዞኛል» ስትያቸው «ተነሺ፣ ወክ እናድርግ፣ ማኪያቶ እንጠጣ» ቢሉሽ አይገርመኝም። ሕመሙ ግን ሌላ ነገር ነው። ሳምንታት አልፎም አይለቅም። እንቅልፍ ይነሣል፤ ትናንት የወደድሽውን ዛሬ ያስጠላሻል።

እኔም ከጓደኞችሽ አልሻልም ነበር። ቅኔ ቤት ሳለን ከሁላችን የሚበልጥ አንድ ልጅ ነበር። ሌሊት የቆጠረውን ቅኔ ጠዋት ሲዘርፍ መምህራችን ፈገግ ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ ግን ዝም አለ። ቁራሽ ልመና መውጣት ተወ። አኩፋዳው ባዶውን ተሰቅሎ፣ እሱ ደበሎውን ፊቱ ላይ ስቦ ይተኛል። እኛ ምን አልን? «ለትምህርት ብሎ የጠጣው አብሾ ዞሮበት ነው።» ሌላው «ደግመውበት ነው» አለ። ጠበል ወሰድነው፤ መልካም አደረግን። ጤና ጣቢያ እንውሰደው ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም። በኋላ እናቱ መጥታ ይዛው ሄደች። ደግሜ አላየሁትም። አብሾ ነው ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ።

አሁን ኤልያስን ተመልከቺ (1ኛ ነገሥት 19)። በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ነው። እምነት አነሰው የሚል አለ? ብዙም ሳይቆይ ግን ከኤልዛቤል ሸሽቶ ምድረ በዳ ገባና ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። እኛ አገር በየዳገቱ የሚበቅለው ክትክታ! «ይበቃኛል፤ ነፍሴን ውሰድ» አለ። መልአኩ መጣ። ተቆጣው? «እሳት ያወረድህ ሰው እንዴት እንዲህ ትላለህ?» አለው? ምንም አላለውም። ቀስቅሶ «ተነሥተህ ብላ» አለው። እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት። በላና ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ተወው፤ እንዲተኛም ፈቀደለት። ከዚያ ዳግመኛ ቀስቅሶ አበላው። ያ ሁሉ ሲሆን ስለ እምነቱ አንድም ጥያቄ አልቀረበለትም። እኛ ግን ለታመመ ልጅ መጀመሪያ የምናቀርበው ስብከት ነው፤ እንጎቻው አይታሰበንም።

መንፈስ የለም እያልኩ አይደለም። ወንጌል ግን ይለያል። ማቴዎስ 4፥24ን አንብቢ፤ አጋንንት ያደረባቸው ለብቻ፣ ሌሎቹ ሕሙማንም ለብቻ ተጠርተዋል። ጌታ ሁሉንም ፈወሰ፤ ስማቸው ግን አንድ አልነበረም። ሲራክም በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን የፈጠረው፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ይነግረናል። እንዲያውም ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲመጣ ብዙዎች ጠበል ላይ ሆነው ኪኒናቸውን ጣሉ። በ1999 ዓ.ም. የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናገሩ። እኛ ዛሬም እዚያው ነን።

ስለዚህ ግሽ ዓባይ ሂጂ። ከእናትሽ ጋር ሂጂ፤ በአቡነ ዘርዓ ብሩክም አማላጅነት ተማጸኚ። ኪኒንሽን ግን በቦርሳሽ ያዢ። ጠበሉን ጠጥተሽ፣ ተጠምቀሽ፣ መድኃኒቱንም ሐኪሙ ባዘዘሽ ሰዓት ዋጪ። ጠበልተኛ ነኝ ባይ «ወርውሪው» ቢልሽ እንዳትሰሚው። በዚህ ነገር ለስላሳ አልሆንም፤ ያንን የሚል ሰው በሰው ነፍስ እየቀለደ ነው።

ዛሬ ውጠሽ ነገ ካልሳቅሽ ደግሞ ተስፋ አትቁረጪ። ይህ ዓይነት መድኃኒት ጉልበቱ እስኪታይ ሳምንታት ይፈጃል። ሲሻልሽም በራስሽ ውሳኔ አታቋርጪ፤ ሐኪሙን ጠይቂ። ጾሙ ከከበደሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። የታመመ ሰው እንዴት እንደሚጾም እሳቸው ያውቃሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትደብቂ መልሺልኝ። «ነፍሴን ውሰድ» የሚለው የኤልያስ ቃል ባንቺም አፍ መጥቶ ያውቃል? ከመጣ በዚያ ሌሊት ብቻሽን አትደሪ። አጠገብሽ የተኛችውን ቀስቅሺ፤ እስኪነጋ ሳትጠብቂ ሐኪም ቤት ይውሰዱሽ። ኃጢአት ሠራሁ ብለሽ አፍረሽ ዝም አትበዪ።

እናትሽን አትቆጫት። ፈርታ ነው። ቢቻል ሐኪሙ ጋ ይዘሻት ግቢ፤ ከሱ አፍ ትስማ። የዶርም ጓደኞችሽን ደግሞ እሑድ ከጉባኤ በኋላ ይዘሻቸው ነይ። ክርክር ያላቸው ከእኔ ጋር ይከራከሩ፤ አንቺ በዚያ ሰዓት ምሳሽን ትበያለሽ።